ያደገው ቡድን የት ይጫወታል? የመለያ ጨዋታ፣ ባላጋራነትና የደጋ ከተማ ደጋፊ

(በደብረ ታቦር ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ርእሴ እግር ኳስ ነው። ከእግር ኳስም ውስጥ የመረጥሁት ብዙ የማይነገርለትን ክፍል፣ ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው የሚያሸጋግረውን ጠባብ በር ነው። በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ሁለት ቡድኖች ለአንድ ቦታ የሚፋለሙበትን ያን ጨዋታ በአገራችን የስፖርት ቋንቋ የመለያ ጨዋታ እንለዋለን።

የምናገረው እንደ ደጋፊ ነው። አሠልጣኝ አይደለሁም፤ የክለብ አመራር ሆኜም አላውቅም። ይሁንና ደጋፊ የራሱ የሆነ ዕውቀት ያለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋች ክለብ ይቀይራል፤ አሠልጣኝ ይሰናበታል፤ ከንቲባ ይሾማል፣ ይሻራል። ደጋፊው ግን በየዓመቱ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ ክለቡ ምን ቃል ገብቶ ምን እንዳደረሰ የሚያስታውሰው እርሱ ነው።

ፍሬ ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ከታች ወደ ላይ ማደግ ለአንድ ከተማ የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። ይዘቱም ቀላል ነው፤ “ቡድናችሁ ካደገ ታላላቆቹ ክለቦች ወደ እናንተ ይመጣሉ” ይላል። ይህ ቃል ኪዳን ባለፉት ዓመታት ለብዙ ከተሞች ፈርሷል። እኛ የመለያ ጨዋታ ፍትሐዊ ነው አይደለም፣ ሁለት ቡድን ይደግ ወይስ ሦስት እያልን ስንከራከር፣ ከዚያ ሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ ዘንግተነዋል። ጥያቄው ያደገው ቡድን የት ይጫወታል? የሚል ነው።

የአንድ መንገድ ሦስት ጫፎች

ነገሩን ከደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አቅራቢያ ትገኛለች። በታሪክ ስሟ የገነነ ነው፤ የራስ ጉግሣና የራስ ዓሊ መቀመጫ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ፣ የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት የጋፋት ጎረቤት ናት። በፕሪምየር ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ግን ስሟ ተጽፎ አያውቅም።

ሆኖም ደብረ ታቦር የመንገድ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ መካከሏን አቋርጦ ያልፋል። ወደ ምዕራብ ስንወርድ ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ በግራ ወደ ባሕር ዳር፣ በቀኝ አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ጎንደር። ወደ ምሥራቅ ስንወጣ ደግሞ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ እንደርሳለን። ከሦስቱ ጫፎች የቅርቡ ባሕር ዳር ሲሆን ርቀቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው።

ሦስቱም ጫፎች የፕሪምየር ሊግ እግር ኳስ አይተዋል። ፋሲል ከነማና ወልዲያ በ2008 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አደጉ። ባሕር ዳር ከተማ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ተከተላቸው። ነገር ግን ባሕር ዳር በወጣበት በዚያው ዓመት ወልዲያ ወረደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከፍተኛ ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ በአንድ መንገድ የተሳሰሩት እነዚህ ሦስት ክለቦች ለአንድ የውድድር ዓመት እንኳ በፕሪምየር ሊጉ በአንድነት አልተገናኙም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በመካከላቸው የምንኖር እኛ ይህን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን፤ ከአንድ ቤት ታላቁ “ዐፄዎቹ” ሲል ታናሹ “የጣና ሞገዶቹ” ይላልና። ከጋይንት በኩል የመጣው ዘመድ ደግሞ የወልዲያን ነገር እያነሣ ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል።

በሩ የሠራው ሥራ

ይህ የማደጊያ በር ለአገሪቱ እግር ኳስ ምን አደረገ? መልሱ ከሚገመተው በላይ ነው።

ፕሪምየር ሊጉ በአሁኑ መልኩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ያስወጣ አንድ ክለብ ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ያሸነፈው የሐዋሳው ክለብ ነው። ሌላው ሁሉ በመዲናዋ ክለቦች፣ ከሁሉም በላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ ይዞር ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊጉ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ክለቦች አደጉ፤ ፋሲል ከነማ፣ ወልዲያ፣ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ በኋላ ጅማ አባ ጅፋር የተባለው ጅማ ከተማ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና መቐለ ከተማ ተከተሉ። ከዚያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጅማ አባ ጅፋር ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫውን አነሣ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲል ከነማ አሸነፈ። በሌላ አነጋገር፣ ፍጻሜ ያገኙ ሦስት ተከታታይ ውድድሮችን ያሸነፉት በከፍተኛ ሊጉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በዚያ በር ያለፉ ክለቦች ናቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 ዓ.ም. ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም.፣ በ2014 ዓ.ም. ያደገው ኢትዮጵያ መድን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኑ። ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም. ከተጠናቀቁት ሰባት ውድድሮች አምስቱን የወሰዱት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ከታች የመጡ ክለቦች ናቸው። ሁለቱን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወስዷል። የታችኛውን ሊግ የማይከታተል ሰው የላይኛውን ሊግ ቀጣይ ሻምፒዮን አያውቀውም ብል ማጋነን አይሆንም።

ዘጠና ደቂቃና 2,700 ደቂቃ

ወደ መለያ ጨዋታው ልምጣ። አሥራ ስድስት ክለቦች ባሉበት ምድብ እያንዳንዱ ቡድን በደርሶ መልስ 30 ጨዋታ ያደርጋል። ይህም 2,700 ደቂቃ ነው። በመለያ ጨዋታ ይህ ሁሉ ድካም በ90 ደቂቃ ይዳኛል። አንድ የተሳሳተ ፊሽካ፣ አንድ የተንሸራተተ ተከላካይ፣ አንድ ግብ ጠባቂ ያመለጠችው ኳስ የዓመቱን ልፋት ይበላዋል። ስለዚህ ብዙዎች ግፍ ነው ይሉታል።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ስሜት ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ሊጉ በሁለት ምድብ ሲከፈል በምድብ ሀ ሁለተኛ የወጣውና በምድብ ለ ሁለተኛ የወጣው ቡድን ዓመቱን ሙሉ አልተገናኙም። የተጫወቱት ከተለያዩ ባላጋራዎች ጋር፣ በተለያዩ ሜዳዎች ነው። የአንዱ 55 ነጥብ ከሌላው 53 ነጥብ ይበልጣል ማለት በጎንደር ገበያ የተሰፈረን ጤፍ በጅማ ገበያ ከተሰፈረ ቡና ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጣቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ማገናኘት።

በ2009 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነበር። ለሦስተኛው ቦታ መቐለ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና በመለያ ጨዋታ ተገናኙ፤ መቐለ አለፈ። ሀዲያ ሆሳዕና ሁለት ተጨማሪ ዓመት ጠብቆ በ2011 ዓ.ም. አደገ። ያ የመለያ ጨዋታ ባይኖር ኖሮ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን በዚያ ዓመት በፕሪምየር ሊጉ ውስጥ መገኘቱ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሽረ እንዳሥላሴ ጅማ አባ ቡናን አሸንፎ በዚሁ በር ገባ። በ2011 ዓ.ም. ምድቦቹ ሦስት ሆኑና የየምድቡ አንደኛ ብቻ ማደግ ጀመረ፤ ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና በዚህ መንገድ ወጡ። ሥርዓቱ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን በጠንካራ ምድብ ሁለተኛ የወጣ ቡድን በደካማ ምድብ አንደኛ ከወጣው ጋር የሚለካበት ዕድል አጣ።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የመለያ ጨዋታን በፈረንጆች 1987 ሲጀምሩ ዓላማቸው የሊጎቻቸውን የቡድን ብዛት ማስተካከል ነበር። ሕዝቡ ስለወደደው ቀጠለ፤ ከ1990 ጀምሮም የፍጻሜው ጨዋታ በአብዛኛው በዌምብሌይ ይካሄዳል። ጀርመኖች በበኩላቸው ከላይኛው ሊግ ከታች ሦስተኛ የሆነውን ከታችኛው ሊግ ከላይ ሦስተኛ ከሆነው ጋር በደርሶ መልስ ያጋጥማሉ። በዚህ ሥርዓት በአብዛኛው የሚያሸንፈው የላይኛው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሻለ በጀትና ከባድ ጨዋታ የለመደ ተጫዋች ያለው እርሱ ነው።

እኛም በ2013 ዓ.ም. ለጀርመኑ የቀረበ ነገር ሞክረን ነበር። በሐዋሳ በተካሄደው የማሟያ ውድድር ከፕሪምየር ሊጉ ግርጌ አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ፣ ከከፍተኛ ሊጉ ደግሞ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ሀምበሪቾ ዱራሜና ኮልፌ ቀራኒዮ ተሳተፉ። ለሦስት ቦታ ስድስት ቡድኖች ተፋለሙ ማለት ነው። ቦታዎቹን ሦስቱም የላይኛው ሊግ ክለቦች ወሰዱ። ከታች የመጣ አንድም አላለፈም።

ስለዚያ ውድድር ሳነሣ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ሦስቱ ቦታዎች የተከፈቱት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት መወዳደር ስላልቻሉ ነው። በሜዳ ተሸንፈው አልወረዱም። ውድድሩ ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጦርነቱ በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ መጣ፤ ነፋስ መውጫና ጋይንት የጦር ግንባር ሆኑ፤ ይህች ከተማም በከባድ መሣሪያ ተደበደበች። ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ያን ነሐሴ መተረክ አያስፈልገኝም። ለማለት የምፈልገው ግን ይህ ነው፤ የመለያ ጨዋታ በሜዳ የተገኘን ቦታ ለማከፋፈል የተፈጠረ ነው። በጦርነት የተለቀቀ ወንበር በፊሽካ ሲታደል የውድድሩ አሸናፊ እንኳ ሙሉ ደስታ ሊኖረው አይችልም። በ2017 ዓ.ም. ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ያለ ማጣሪያ ወደ ሊጉ ሲመለሱ ሊጉ ሰፋ፣ ተጨናነቀ ተብሎ ቅሬታ ተሰምቷል። እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። ግብ ሳይቆጠርበት የወጣ፣ ግብ ሳያስቆጥር መመለስ መብቱ ነው።

ባላጋራ

አሁን ስለ ባላጋራ ጥቂት ልበል። ሥርወ ቃሉን ለቋንቋ ምሁራን ትቼ፣ ባላጋራ የሚለውን ቃል ስሰማ እንደ ደጋፊ ጆሮዬ ውስጥ “ጋራ” የሚለው ይደውላል። ጋራ ተራራ ነው፤ ጋራ ደግሞ አብሮነት ነው። የምንፎካከረው ከጋራው ማዶ ካለው ሰው ጋር ነው፤ ነገር ግን መንገዱም፣ ገበያውም፣ ዝናቡም የጋራችን ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ባላጋራ መሆን አይቻልም።

ይህን የደጋው ሕዝብ ከእግር ኳስ በፊት ያውቀዋል። በገና ጨዋታ መንደር ከመንደር፣ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ሩሩን ሲያሳድድ ውሎ፣ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ይሰድበዋል። በዚያን ዕለት ጌታም ቢሆን በሎሌው አይቆጣም። ስድቡ የሚፈቀደው ማታ አንድ ቤት ስለሚገባ፣ በማግሥቱም ደቦ ስለሚጠራ ነው። ፉክክሩን የሚገራው ጉርብትናው ነው።

በዘመናችን እግር ኳስም ይህ እውነት ነው። ከሜዳው ውጭ ቡድኑን ተከትሎ የተጓዘ ደጋፊ የባላጋራውን ከተማ እንጀራ ይበላል፤ በሆቴሉ ያድራል፤ ለሻዩ ይከፍላል፤ መንገድ ሲጠፋው ይጠይቃል። ዘጠና ደቂቃ የጮኸበትን ሰው ከጨዋታው በፊትም በኋላም በሰውነቱ ያገኘዋል። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በተለያየ ሊግ ሲለያዩ የጎደለን ይህ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሲገናኙ ወረታ መገንጠያ ላይ የሁለቱም ቀለም ይውለበለብ ነበር።

ጨለማውን ገጽም አልሸሽግም። በ2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ ሊካሄድ የነበረው የወልዲያና የመቐለ ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። ከዚያም የሁለቱ ክልሎች ክለቦች ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ዞሩ። በዚያ ወቅት ስታዲየሙ የፖለቲካው ማስተጋቢያ ሆኖ ነበር። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ጉዞው ተመለሰ። በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት ፋሲል ከነማ ለዋንጫ ሽረ ድረስ ሄዶ አቻ ወጣ፤ ዋንጫውም ወደ መቐለ ሄደ። ለጎንደር ደጋፊ መራራ ቀን ነበር። ነገር ግን ያ ምሬት የእግር ኳስ ምሬት ነው፤ የእግር ኳስ ምሬት ደግሞ ከርሞ የሚሻር ነው። በኋላ የመጣውን ስናስብ፣ እርስ በርስ መሸናነፍ የቻልንበት ያ ዓመት እንዴት ያለ ሀብት እንደነበር ይገባናል።

ላም አለኝ በሰማይ

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በደርሶ መልስ በየከተማው መካሄዱ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። መነሻው ወረርሽኙና የቴሌቪዥን ስርጭቱ ነበር። ከፍተኛ ሊጉም ምድቦቹን በተወሰኑ ከተሞች እየሰበሰበ ማጫወት ያዘ። ክለቦች ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣሉ፤ ደጋፊው በስልኩ ይከታተላል።

ይህ ለአንድ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ወደ ከምባታ ልውሰዳችሁ። የዱራሜ ከተማ ክለብ ስሙን የወሰደው ከተራራው፣ ከሀምበሪቾ ነው። ደብረ ታቦር ክለብ አቋቁማ ጉና ብትለው እንደ ማለት ነው። ሀምበሪቾ በ2013 ዓ.ም. በማሟያው ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ከንግድ ባንክና ከሻሸመኔ ከተማ ጋር አደገ። አስቡት፤ አንዲት የደጋ ከተማ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ኢትዮጵያ ቡናን፣ ፋሲል ከነማን የምታስተናግድበት ዓመት ደረሰ።

ግን አላስተናገደችም። የ2016 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ የተካሄደው በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። ዱራሜ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳታይ ቡድኗ ወጣ፤ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳታይ ተመልሶ ወረደ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆነ። አብሮት ያደገውና አብሮት የወረደው ሻሸመኔ ከተማም በከተማው አልተጫወተም። በዚያው ዓመት ግን የሦስቱ አስተናጋጅ ከተሞች ክለቦች፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማና ሐዋሳ ከተማ፣ የውድድሩን ከፊል በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ተጫውተዋል። ለመውረዱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የበጀትና የተጫዋች ጥራት ጉዳይም አለ። ነገር ግን ገለልተኛ ሜዳ የሚባለው ነገር ለሁሉም እኩል ገለልተኛ አለመሆኑን ማንም አይክድም።

ወጪውን ደግሞ ማን ይሸፍናል? አብዛኞቹ የክልል ከተማ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። “ከነማ” የሚለው ስም ራሱ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። እንግዲህ ነዋሪው በግብሩ የሚያኖረው ክለብ በነዋሪው ፊት የማይጫወት ከሆነ፣ ከስሙ የቀረው ምንድን ነው? ትኬት ሻጩ፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ ማሊያ አዟሪው፣ ባለ ባጃጁ ከማደጉ ምን አገኙ? ኳስ አቀባይ ሆኖ ታላላቆቹን ተጫዋቾች በቅርብ ያየው ልጅ ነገ ተጫዋች ይሆናል፤ ያንን ልጅ የት እናሳድገዋለን?

የሌላው ወገን ክርክር

የተሰበሰበ ውድድርን የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ ነጥቦች አሏቸው፤ በአግባቡ ሊሰሙ ይገባል። አንደኛው ጸጥታ ነው። ቡድንን በአውቶቡስ ከዳር እስከ ዳር ማጓጓዝ በማይቻልበት ጊዜ ውድድሩ በጥቂት ከተሞች ባይሰበሰብ ኖሮ ከነጭራሹ ይቆም ነበር። እዚህ የተቀመጥን ሰዎች ስለ መንገድ መዘጋት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሁለተኛው ዳኝነት ነው፤ በደርሶ መልሱ ዘመን በባለሜዳው ደጋፊ ጫና የተጠመዘዘ ፊሽካ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው የሜዳ ጥራትና የቴሌቪዥን ስርጭት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን ሳይቀር ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም አጥቶ “የሜዳውን” ጨዋታ በባዕድ አገር ሲያደርግ ካየን በኋላ፣ እያንዳንዱ ያደገ ክለብ በከተማው ይጫወት ማለት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

መልሴ እንዲህ ነው። የብሔራዊ ቡድኑና የሀምበሪቾ ሕመም አንድ ነው። አገሪቱ ኳስን ሕዝቡ ካለበት ቦታ ማጫወት ሲያቅታት፣ ከታች ዱራሜ ከላይ አዲስ አበባ እኩል ባዶ ይቀራሉ። ጊዜያዊ መፍትሔ በችግር ጊዜ ተገቢ ነው፤ ጊዜያዊው ዘላቂ ሲሆን ግን ችግሩን መፍታት የሚገባው አካል ችግሩን ይለምደዋል። ዳኛውን ከደጋፊው ጫና መጠበቅ ይገባል፤ መጠበቂያው ግን ደጋፊውን ማስቀረት ከሆነ፣ ሌባን በመፍራት ገበያ እንደ መዝጋት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሦስት ሐሳቦችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያደገ ክለብ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ጥቂት ጨዋታዎችን በከተማው የማድረግ መብት በደንብ ይጻፍለት። የሜዳው ጥራት ካልፈቀደ በአቅራቢያው ባለ ከተማ ይሁን። ለዱራሜ ሆሳዕና፣ ለደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ቅርብ ነው፤ ለሁለቱም ድሬዳዋ ሩቅ ነው። ቁጥሩ አምስት ይሁን ሦስት ባለሙያዎች ይከራከሩበት፤ ዜሮ ግን ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ምድቦች ከአንድ በላይ እስከሆኑ ድረስ የመለያ ጨዋታው ይመለስ፤ በደርሶ መልስም ይሁን። በገለልተኛ ሜዳ ከሚደረግ አንድ ጨዋታ ይልቅ፣ አንዱን በአንዱ ከተማ ሌላውን በሌላው ከተማ ማድረግ ለዕድል ያለውን ቦታ ያጠብባል። ከሁሉም በላይ ተሸናፊው ከተማ እንኳ በዓመቱ አንድ ታላቅ ቀን ያገኛል።

ሦስተኛውና ለእኛ የቀረበው፣ መሰላሉን ከታች መጀመር ነው። የደቡብ ጎንደር ዞን ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ እብናት የሚባሉ ከተሞች አሉት። ሰላሙ ሲፈቅድ እነዚህ ከተሞች በደርሶ መልስ የሚገናኙበት፣ መጨረሻውም በመለያ ጨዋታ የሚለይ ቋሚ ውድድር ከማንኛውም የተጫዋች ግዢ ይልቅ ለነገው ክለብ መሠረት ይሆናል። አሸናፊው ስንት ሊግ እንደሚያልፍ አሁን መናገር አይቻልም። ነገር ግን የእስቴው ልጅ ፎገራ ወርዶ፣ የፎገራው ልጅ ጋይንት ወጥቶ፣ ተሸንፎም አሸንፎም ሲመለስ ባላጋራውን በስሙ ያውቀዋል። ፉክክርን ከጥላቻ የሚለየው ያ ትውውቅ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲም መምህር፣ ተማሪና ሜዳ ያለው ተቋም እንደመሆኑ በዚህ ሥራ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ለተማሪዎች አንድ የጥናት ጥያቄ ልተውላችሁ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያደጉትን ክለቦች ዘርዝሩ፤ ከአጠገባቸው ባደጉበት ዓመት በከተማቸው የተጫወቱትን የጨዋታ ብዛት ጻፉ፤ ቀጥሎም በሊጉ ስንት ዓመት እንደቆዩ አስቀምጡ። ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራት ዓመቱ ወርዷል፤ ለገጣፎ ለገዳዲ በ2014 አድጎ በ2015 ዓ.ም. ወርዷል፤ ፋሲልና ባሕር ዳር ጸንተዋል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፣ አመራር ነው ወይስ ሕዝብ? በስሜት ከምንመልሰው በመረጃ ብትመልሱልን ለሚቀጥለው ዓመት መድረክ ታላቅ ስንቅ ይሆናል።

ደጋፊ ከክለቡ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ዋንጫ በየዓመቱ እንደማይመጣ ያውቃል፤ መውረድንም ይችላል። በመለያ ጨዋታ ተሸንፎ የሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያለውን ዝምታ የሚያውቅ ሰው ከርሞም እዚያው አውቶቡስ ላይ ይገኛል። የሚጠይቀው፣ በር እስካለ ድረስ በሩ ወደ አንድ ቦታ እንዲያደርስ ነው። ቡድኑ ሲያድግ ከተማውም አብራው እንድታድግ፣ ባላጋራውም በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ደጁ ድረስ መጥቶ እንዲገጥመው ነው።